ኤፍኤም ጥራት አለው ሲባል፣ የኔ ለምን «ሽሽሽ» ይላል?

ጥያቄ፦ ኤፍኤምን ረብሻ አይነካውም ሲባል እሰማለሁ። እኔ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ማታ አምፖል ሲበራ ሬዲዮዬ «ሽሽሽ» ይላል፣ አንዳንዴም ጠጠር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወድቅ ቷ ቷ ያደርገዋል። ሬዲዮውን ልቀይር?

መልስ፦ ገና ነው፣ አይቀይሩ። ረብሻ አይነካውም የሚባለው ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። የኤፍኤም ጣቢያ ድምጹን የሚጭነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ሳይሆን በድግግሞሹ ላይ ነው፤ ሞገዱ ከተመደበለት ቦታ እስከ 75 ኪሎኸርዝ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። የአምፖልም ሆነ የባጃጅ ካንዴላ ረብሻ ደግሞ ጎልቶ የሚያዛባው ጉልበቱን ነው። ሬዲዮው ውስጥ ሊሚተር የሚባለው ክፍል ጉልበቱን ቆርጦ እኩል ሲያደርገው ያ ረብሻ አብሮ ይቆረጣል።

ነገር ግን ረብሻ ሞገዱን ወደፊትና ወደኋላም ይገፋዋል፤ ይህን ሊሚተሩ አያስቀረውም። የጣቢያው ጉልበት የረብሻውን 10 እጥፍ ያህል እስከሆነ ድረስ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አይሰማም። ከዚያ ሲወርድ ግን ድምጹ በአንዴ ይበላሻል። ረብሻው ለቅጽበት ከጣቢያው ይበልጥና ሞገዱን ሙሉ ዙር ያዞረዋል፤ ሬዲዮው ይህን እንደ ትልቅ የድግግሞሽ ዝላይ ቆጥሮ «ቷ» ይላል። እርስዎ የሚሰሙት እሱን ነው።

መጀመሪያ ሬዲዮዎ ስቴሪዮ ከሆነ ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ድምጽ ወደሚሆንበት) ይመልሱት። ስቴሪዮ የግራና የቀኙን ልዩነት የሚያመጣው በ38 ኪሎኸርዝ ዙሪያ ነው፤ በኤፍኤም ደግሞ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ላይ ረብሻው እየበዛ ይሄዳል። ደካማ ጣቢያ ላይ ሞኖ ማድረግ እስከ 20 ዴሲቤል ያተርፋል፤ ማለትም የረብሻው ጉልበት እስከ 100 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ለዜናና ለወግ ስቴሪዮ ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ ሬዲዮውን በባትሪ ድንጋይ ከፍተው ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር ያውርዱ። ረብሻው ከቆመ ምንጩ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ መልሰው ያብሩና ኤልኢዲ አምፖሎችንና የስልክ ቻርጀሮችን አንድ በአንድ ያጥፉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ርካሽ አምፖል ወይም ቻርጀር ነው። መጣል ካልፈለጉ ገመዱን ከመሣሪያው አጠገብ በፌራይት ቀለበት (ረብሻ በሚያፍን፣ ማግኔት በሚመስል ጥቁር ቀለበት) ላይ ከ3 እስከ 5 ዙር ይጠምጥሙት። ብሬከሩ ወርዶም ካልቆመ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው። ምሰሶ ላይ የሚፈነጥቅ ሽቦ ካዩ ለመብራት ኃይል ያሳውቁ እንጂ አይጠጉት።

ከሁሉ የሚበልጠው አንቴና ነው። 143ን ለጣቢያው ሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ ርዝመቱን በሜትር ያገኛሉ፤ ለ100 ሜጋኸርዝ 1.43 ሜትር ነው። ሁለት ሽቦ በ71 በ71 ሳንቲ ቆርጠው በአንድ መስመር ዘርግተው እንጨት ላይ አጥብቀው ይሰሯቸው፤ መሀሉ ላይ ጫፎቹ አይነካኩ። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ስለሆነ በትክክል ይስማማዋል፦ የመሀሉን ሽቦ አንደኛው ክንድ ላይ፣ የተጠለፈውን ሁለተኛው ላይ ይበይዱ። ከቆርቆሮው ጣሪያ ቢያንስ በ1 ሜትር ከፍ አድርገው ጎኑን ወደ ማሰራጫው ያዙሩት፤ ቀጥ አድርገው አቁመውም ይሞክሩት። በክረምት ነጎድጓድ ሳይጀምር ገመዱን ከሬዲዮው ይንቀሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ሬዲዮኑን ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ሳመጣው «ሰ»ና «ሸ» ይንኮሻኮሻሉ። ጣቢያው ግን ኃይለኛ ነው።

መልስ፦ ይህ የተራራ ከተማ በሽታ ነው። ሞገዱ በቀጥታም ከተራራና ከቆርቆሮ ተንጸባርቆም ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ። በ100 ሜጋኸርዝ አንድ ሞገድ 3 ሜትር ስለሆነ 75 ሳንቲ ብቻ መጠጋት ጥሩውን መጥፎ ሊያደርገው ይችላል። ሬዲዮውን ትንሽ ትንሽ እያነሱ ቦታ ይፈልጉለት። ካልሆነ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቀበል፣ ባለብዙ ዘንግ አንቴና ወደ ማሰራጫው አዙረው ይትከሉ።

ጥያቄ፦ ቡስተር (የአንቴና ማጉያ) ብገዛስ?

መልስ፦ ቡስተር ጣቢያውንም ረብሻውንም እኩል ያጎላል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። የሚጠቅመው ገመዱ ረጅም ሲሆን፣ ያውም ከላይ አንቴናው ሥር ሲታሰር ነው። ማሰራጫ አጠገብ የሚኖር ሰው ከገዛ ሬዲዮው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት አንዱን ጣቢያ በሦስት አራት ቦታ ያሰማዋል።