የ1973ቱን ሬሚንግተን 700 ልግዛው?

ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤልክ (ትልቁን አጋዘን) አደን ልወጣ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአባቱን ሬሚንግተን 700 ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። በ1973 የተሠራ፣ ቴርቲ-ኦት-ሲክስ የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ነው፤ እንጨቱ በጣም ያምራል። 500 ዶላር ብሎኛል። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹ሪኮል ያለበት ጠመንጃ ነው፣ ምላጩን ሳትነካው ይተኩሳል› አለኝ። ሻጩ ደግሞ ‹አባቴ 40 ዓመት አድኖበታል፣ ምንም አልሆነም› ይላል። ማንን ልመን?»

ወንድምህን እመን። ጠመንጃውን ግን ልትገዛው ትችላለህ። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው፤ ምላጩ ከነሙሉ ዕቃው ሳይቀየር አንዲት ጥይት እንኳ እንዳይጎርስ።

መጀመሪያ «ሪኮል» የሚለውን ቃል እናጥራው፤ አምራቹ ጉድለት ያለበትን ዕቃ እንዲመለስለት ወይም እንዲሠራ ሲጠራ ነው። ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይቀላቅላል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1978 ኩባንያው የጠራው ሞዴል 600ን፣ 660ን እና ቤተሰቦቻቸውን ነው። ያንተን አይመለከትም። በ2014 የጠራው ደግሞ ኤክስ-ማርክ ፕሮ የሚባለውን አዲሱን ምላጭ ነው፤ ከግንቦት 2006 እስከ ሚያዝያ 2014 የተሠራውን። እሱም ያንተ አይደለም። ያንተ ላይ ያለው «ዎከር» የሚባለው አሮጌው ምላጭ ነው። ለእሱ የተደረገው በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ነበር። በዚያ ስምምነት ሞዴል 700 ያለው ሰው አዲስ ምላጭ በነጻ ይገጠምለት ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ግን ሚያዝያ 2020 ላይ አለቀ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ከስሮ ተሸንሽኖ ተሸጠ። ስለዚህ ሻጩ «ላክላቸው፣ በነጻ ይሠሩልሃል» ካለህ ጊዜው ያለፈበት ወሬ ነው።

ብዙ ሰው «መኪና እንኳ በመንግሥት ትእዛዝ ይጠራል፣ ይሄስ ለምን አልተጠራም?» ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ የዕቃ ደህንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን የጦር መሣሪያ ላይ ሥልጣን የለውም። ሕጉ ራሱ አውጥቶታል። ጠመንጃ የሚጠራው አምራቹ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ «በይፋ አልተጠራም» ማለት «ችግር የለበትም» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ። ስታቀባብል ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወደ ኋላ ተስቦ አንድ ብረት ላይ ይቆማል። ያ ብረት ሲር ይባላል። ሲሩን ከሥር የሚደግፈው ምላጩ ራሱ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዎከር ግን በመሃል ኮኔክተር የሚባል ትንሽ ቁራጭ ብረት አለ። ከምላጩ ጋር አልታሰረም፤ ስፕሪንግ ገፍቶ ያስጠጋዋል እንጂ። በተኮስክ ቁጥር ኮኔክተሩ ከምላጩ ትንሽ ይርቅና ተመልሶ ይጠጋል። ያቺ ቅጽበታዊ ክፍተት ናት የችግሩ ሁሉ ምንጭ። አቧራ፣ የደረቀ ዘይት፣ የቀዘቀዘ እርጥበት ወይም የብረት ፍርፋሪ እዚያ ከገባ ኮኔክተሩ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሲሩ ጫፍ ላይ ብቻ ያርፋል። መሸጎሪያው በጫፉ ብቻ የያዘ በር አስብ፤ የተዘጋ ይመስላል፣ ገፋ ሲያደርጉት ግን ይከፈታል።

ሴፍቲውም፣ ማለትም ጠመንጃው እንዳይተኩስ የሚያግደው መከላከያ፣ እዚህ ላይ አያድንህም። ሴፍቲው ሲያዝ ሲሩን ከኮኔክተሩ ላይ አንስቶ ይይዘዋል። ሴፍቲውን ስትለቅ ሲሩ ይወርድና ኮኔክተሩ ላይ ማረፍ አለበት። ኮኔክተሩ ቦታው ላይ ከሌለስ? ሲሩ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ መርፌው ይመታል፣ ጠመንጃው ይተኩሳል። ጣትህ ምላጩ አጠገብ እንኳ አልደረሰም። ኩባንያው ጠመንጃው ደህና ነው ሲል ነው የኖረው። እኔ ግን የብረቱን አሠራር አይቼ ነው የምፈርደው።

የ1973ቱ ሌላም ነገር አለበት፤ ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ከ1982 በፊት የተሠሩት ሞዴል 700ዎች ሴፍቲው ሲያዝ ማቀባበያውም አብሮ ይቆለፋል። ጥይቱን ለማውጣት የግድ ሴፍቲውን መልቀቅ አለብህ። በደከመህ ሰዓት፣ መኪናህ አጠገብ፣ ሰው በከበበህበት፣ አደገኛውን ነገር ራሱን ታደርጋለህ ማለት ነው። በ2000 ሞንታና ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንዲት እናት ጥይቱን ልታወጣ ሴፍቲውን ስትለቅ ጠመንጃው ተኮሰ። ጥይቱ የፈረስ ተጎታቹን በስቶ ማዶ የነበረውን የ9 ዓመት ልጇን ገደለው። አፈሙዙን ወደ ልጁ አላዞረችም። ከተጎታቹ ማዶ መኖሩን አላወቀችም። ይህን ታሪክ ለደንበኛ ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ፣ በ2002፣ ኩባንያው ያንን የማቀባበያ ቁልፍ ብቻ የሚያነሳ ማሻሻያ አቀረበ። ልብ በል፣ ዎከሩ እንዳለ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሻጩ «ተሠርቶለታል» ካለህ «ምኑ ነው የተሠራው?» በለው። ቁልፉ ተነሳ ወይስ ምላጩ ተቀየረ? ወረቀት ካለው አሳየኝ በለው። ከሌለው እንዳልተሠራ ቁጠረው።

የአባቱ 40 ዓመትስ? ሰውዬው እውነቱን ነው። አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንዴም አያበላሹም። ችግሩ መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ ነው አደገኛ የሆነው። ዛሬ ንጹሕ ነው፣ ነገ አሥር ዲግሪ ሲወርድ ዘይቱ ይረጋል። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ የአያቱን ጠመንጃ፣ ሌላ ዓይነት ነው፣ አምጥቶልኝ ነበር። በየዓመቱ ምላጩ ውስጥ ዘይት ይረጭበት ነበር፤ መንከባከቡ ነው። ስፈታው ውስጡ እንደ ማር ወፍሮ በመርፌ ነው የጫርኩት። ምላጭ ውስጥ ዘይት አይረጭም፤ በተለይ እንዲህ ያለ ምላጭ ውስጥ።

ሄደህ ስታየው መጀመሪያ ጥይት እንደሌለ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ካዝናውንም፣ በርሜሉንም። አፈሙዙን ወደ አፈር አዙር፤ ወደ ግድግዳ አይደለም፣ ግድግዳ ጥይት አያቆምም። ከዚያ ምላጩን ተመልከት። ፊቱ ላይ ቁም መስመሮች ካሉት ዎከር ነው። ለስላሳ ከሆነ ኤክስ-ማርክ ፕሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የ2014ቱን ጉዳይ ወረቀት ጠይቅ። አቀባብለህ ሴፍቲውን ያዝና ማቀባበያውን ለማንሳት ሞክር። አልነሳ ካለ ቁልፉ አሁንም አለ።

ቀጥለህ ሴፍቲው እንደተያዘ ምላጩን ጠበቅ አድርገህ ሳበው፣ ልቀቀው፣ ከዚያ ሴፍቲውን ልቀቅ። መርፌው ከመታ ጨዋታው አለቀ። ሴፍቲውን መሃል ላይ አቁመህም እንዲሁ ሞክር። ማቀባበያውን ጠንከር አድርገህ ዝጋው፣ ሴፍቲው ተለቆ እያለ ከፍ ዝቅ አድርገው፣ ሰደፉን በጎማ መዶሻ ምታው። አንዱ ላይ እንኳ ከመታ ውጣ። ሁሉንም ካለፈ ግን «ደህና ነው» አትበል። ፈተናው መጥፎውን ይይዛል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥም።

ሰደፉን ለማውለቅ ከፈቀደልህ የምላጩን ሣጥን እይ። ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች አሉ። ፋብሪካው በማሸጊያ ቀለም ነው የሚያሽጋቸው። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም የብሎኑ ጥርስ ከተበላ አንድ ሰው ምላጩን ሊያለሰልስ ነካክቶታል። ሲሩ የሚያርፍበትን ልክ የሚወስነው ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ፣ የተነካካ ዎከር ካልተነካካው የባሰ ነው።

በርሜሉ ውስጥ ዝገት፣ እንጨቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ማየቱ እንደማንኛውም አሮጌ ጠመንጃ ነው። ይህ ሞዴል በርሜሉ ደህና ከሆነ ዛሬም የሚያኮራ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛና የምድር ጦር የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃዎቻቸውን የሠሩት በዚህ መነሻ ነው። እኔም እንድትገዛው የማልከለክልህ ለዚህ ነው። የምጠላው ምላጩን ብቻ ነው።

ደግነቱ ለ700 ምላጭ የሚሠራ ብዙ ነው። ቲምኒ አለ፣ ትሪገርቴክ አለ። ኮኔክተር የሌለው፣ ሴፍቲው ተይዞ ማቀባበያው የሚከፈት ምረጥ። ለዕቃው ከ150 እስከ 250 ዶላር ያዝ፣ የእጅ ዋጋ ጨምር። ምላጩን የሚይዙት ሁለት ፒኖች ናቸው፣ ቀላል ይመስላል። አንተ ግን ጀማሪ ስለሆንክ ፈቃድ ላለው ጠመንጃ ጠጋኝ ስጠው። ሲጨርስ ከላይ ያልኩህን ፈተና ፊትህ እንዲያደርግልህ ጠይቅ። አሮጌውንም ምላጭ ተቀበለውና በመዶሻ አበላሸው፤ ሌላ ሰው ጠመንጃ ላይ እንዳይገጠም።

ስለዚህ ሻጩን 300 በለው፣ ምክንያቱን በግልጽ ንገረው። ጨዋ ሰው ከሆነ ይገባዋል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ የግል ሽያጭም ቢሆን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የጀርባ ምርመራ ይደረግበታል። ሦስት ቀንም ትጠብቃለህ። ከጥር 1፣ 1949 ወዲህ ከተወለድክ የአዳኝነት ኮርስ ሳትወስድ በመደበኛው የአደን ፈቃድ አታገኝም፤ ዛሬውኑ ተመዝገብ። ሦስቱን ቀንም ለጠጋኙ ቀጠሮ ለመያዝ ተጠቀምበት። ወቅቱ ሲቃረብ ሁሉም ሰው እሱ ደጅ ነው የሚሰለፈው።