በየዓመቱ የሚታደስ «ጊዜያዊ» ሥራ

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ አራት ዓመት በጽዳት ሠርቻለሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ 30 ላይ አዲስ ውል ያስፈርሙናል፣ ኮፒ ግን አይሰጡንም። ዘንድሮ «ውልሽ አልቋል» ተባልኩ፤ በማግስቱ በእኔ ቦታ ሌላ ልጅ ገባች። አባቴ ለገሃር ባቡር ድርጅት ጡረታ እስኪወጣ ቋሚ ነበር፣ «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ይለኛል። እውነት ነው? እኔስ መብት አለኝ?
*ስሜ ይቆይ*

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ባቡር ድርጅት ቋሚ መሆን ትልቅ ነገር ነበር፤ እዚያው ለገሃር ጆንያ ይሸከም የነበረውን ኩሊ ግን ማን ቋሚ አደረገው? የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1955 ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ተከተለ። በ1966 የካቲት መጨረሻ ላይ ኮንፌዴሬሽኑ አጠቃላይ አድማ ሲጠራ ከጥያቄዎቹ አንዱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ነበር። አሁን የምንሠራበት አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ለዚሁ ጉዳይ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ከ45 ዓመት በኋላ «ይቋቋማል»! በመሃል የ1968፣ የ1985 እና የ1996 አዋጆች አልፈዋል። የመጨረሻው ለውጥ የዓመት ፈቃድን ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አድርጎ፣ የሙከራ ጊዜን ከ45 ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን አስረዘመው። በእኔ እይታ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ ነው።

ወዳንቺ ልምጣ። አንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፣ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት በስተቀር። እነዚያ ምንድን ናቸው ካልሽ፣ የታመመ ወይም ፈቃድ የወጣ ሰው መተካት፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ የወቅት ሥራ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሥራና የመሳሰሉት። ታዲያ ሽንት ቤት ማጽዳት የወቅት ሥራ ነው? ሕንፃው እስካለ ድረስ በየቀኑ ይቆሽሻል። በማግስቱ ሌላ ልጅ መግባቷ ራሱ ሥራው እንዳላለቀ ያሳያል፣ ይህን በደንብ ያዢው።

ኤጀንሲው ግን «ከሕንፃው ባለቤት ጋር ያለኝ ውል የተወሰነ ነው» ብሎ ይከራከራል፣ ጠብቂው። የፈረምሽውም ውል ላይ ማለቂያ ቀን አለ። እንደምታሸንፊ ቃል አልገባልሽም፤ ባዶ እጅሽን እንዳልሆንሽ ግን እወቂ።

ኮፒ ስላልሰጡሽ አትደንግጪ። ውል በጽሑፍ አለመያዙ እንኳ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። የደረት ባጅሽን እንዳትመልሺ አልልም፣ ግን ፎቶ አንሺው። ደመወዝ የገባበትን የባንክ ወረቀት በአራቱም ዓመት አስወጪ። ከአንቺ ጋር የፈረሙ ልጆች ካሉ ምስክር ይሆናሉ። ጡረታ ተቆርጦብሽ ከነበረም ያ ጥሩ ማስረጃ ነው፦ ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው የሚገባው፤ ቆርጠው ሳያስገቡ ቀርተው እንደሆነም በዚያው አጣሪ።

ወደ ሥራ ልመለስ ብለሽ የምትከሺ ከሆነ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው ያለሽ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ሒሳብ ስድስት ወር አለው። «ነገ እንደውልልሻለን» ካሉሽ ስልክ እየጠበቅሽ ጊዜው እንዳያልፍብሽ። መጀመሪያ ክፍለ ከተማሽ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አመልክቺ፤ እዚያ ካልተግባባችሁ ጥቅምት ሳያልቅ ፍርድ ቤት ግቢ።