ሙቀት ይጓጓዛል ወይስ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ «የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቴርሞኤሌክትሪክ ቁሶችን (የሙቀት ልዩነትን ወደ ኮረንቲ የሚቀይሩትን) ለማሻሻል ስለሚሠሩ ናኖ ሽቦዎች፣ ማለትም እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በአማርኛ አጭር ማብራሪያ እየጻፍኩ ነው። "በናኖ ሽቦ ውስጥ የሙቀት ማጓጓዝ" ልበል ወይስ "የሙቀት መተላለፍ"? ደግሞስ "ሙቀት የማያስተላልፍ ሽቦ" ብል ያስኬዳል?»

መልስ፦ «መተላለፍ» ይበሉ። «ማጓጓዝ»ን ለሲኖትራክ ይተዉለት።

«አጓጓዘ» የጓዝና የጉዞ ዘመድ ነው። ዕቃ ከዚህ ይጫናል፣ እዚያ ይራገፋል። ጠጣር ነገር ውስጥ ሙቀት ሲሄድ ግን ቦታውን ለቆ የሚሄድ አቶም የለም። ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ እጀታው ይሞቃል። ከታች ያለው ብረት ግን ወደ ላይ አልወጣም። በብረት ውስጥ ዋነኞቹ አቀባባዮች ኤሌክትሮኖች ናቸው። በሲሊከን ውስጥ ደግሞ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው የአቶሞቹ ንዝረት ነው። አንዱ አቶም ባለበት ይንቀጠቀጥና ጎረቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። የፊዚክስ ሰዎች ፎኖን የሚሉት ከዚህ ንዝረት ጋር የሚሄደውን የጉልበት ቅንጣት ነው።

ለዚህ የሚሆን ግስ አማርኛ አለው። «አለፈ» ለብቻው የአንድ ወገን ድርጊት ነው። «ተላለፈ» ሲሆን ግን ሁለት ወገን ይገባበታል፤ መንገድ ላይ ተላለፍን፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ። አድራጊ ሲጨመርበት «አስተላለፈ» ይሆናል። «አወቀ፣ ተዋወቀ፣ አስተዋወቀ»ን ያስቡ፤ አካሄዱ ያው ነው። እንግዲህ ሙቀቱ ይተላለፋል፣ ሽቦው ያስተላልፋል። «ሙቀት የሚተላለፍ ሽቦ» እንዳይሉ ብቻ ይጠንቀቁ። «የሚተላለፍበት» ካላሉ ሽቦው ራሱ እግር ያወጣል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ይጣፍጣል። በንግግር «ይሄ ቢላ አይቆርጥም» ስንል ደንዟል ማለታችን ነው፤ ቲማቲም ላይ ቢበረታ መቁረጡ አይቀርም። በዚህ ሒሳብ «ሙቀት የማያስተላልፍ ሽቦ» ቢሉ ጓደኛዎ ይረዳዎታል። ተማሪዎ ግን ጭራሽ አያስተላልፍም ብሎ ይይዘዋል። ነገሩ ደግሞ እንደዚያ አይደለም።

ቴርሞኤሌክትሪክ ቁስ ኮረንቲ የሚያመነጨው አንዱ ጫፉ ሞቆ ሌላው ሲቀዘቅዝ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ቶማስ ዜቤክ ይህን ክስተት ያየው በ1821 እ.ኤ.አ. ነው። ሙቀቱ ቶሎ ካለፈ ሁለቱ ጫፎች ይስተካከሉና ኮረንቲው ይጠፋል። ስለዚህ የሚፈለገው ኮረንቲን በደንብ፣ ሙቀትን በጥቂቱ የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። ተራ ሲሊከን ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀት አስተላላፊነቱ በክፍል ሙቀት ወደ 150 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውፍረታቸው 50 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ገጻቸው ሸካራ የሆነ የሲሊከን ናኖ ሽቦዎች ሠሩ። ሙቀት አስተላላፊነታቸው ከተራው ሲሊከን ወደ አንድ መቶኛው ገደማ ወረደ። ሙቀት ተሸካሚዎቹ ፎኖኖች ብዙዎቹ ረጅም ርቀት መሄድ የለመዱ ናቸው፤ እዚህ ግን ከሸካራው ገጽ ጋር እየተላተሙ ይበተናሉ። የኤሌክትሮኖቹ እርምጃ አጭር ስለሆነ ጥበቱ ያን ያህል አይጎዳቸውም። እንደምታዩት ሙቀት ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

ስለዚህ «እምብዛም»ን ያስገቡልኝ፦ «ሙቀት እምብዛም የማያስተላልፍ ሽቦ»። «እምብዛም» ያለ አሉታ አይሄድም። «እምብዛም ያስተላልፋል» የሚል አማርኛ የለም። አዎንታዊ ግስ ከፈለጉ «በጥቂቱ የሚያስተላልፍ» ይበሉ። «ሙቀት» ወይስ «ሙቀትን» የሚለው አያስጨንቅዎ፤ ሁለቱም ይሄዳሉ። «ን» የግድ የምትሆነው «ሙቀቱ» ብለው ለይተው ሲጠሩት ነው፤ ያኔ «ሙቀቱን» ይበሉ።

ቁጥር ሲጠቅሱ ደግሞ «ማስተላለፍ»ን ትተው «አስተላላፊነት»ን ይያዙ። የመጀመሪያው ድርጊቱ ነው፣ ሁለተኛው የቁሱ ጠባይ። በዋት በሜትር በኬልቪን የሚለካው ጠባዩ ነው። «100 እጥፍ ቀነሰ» የሚለው አነጋገር ለእኔ ጆሮ ይቆረቁራል፤ እጥፍ ለመጨመር ነው። ጋዜጦች ይጽፉታል፣ እኔ አልጽፈውም።

አንድ ቦታ ግን ለ«ማጓጓዝ» ቅርብ የሆነ ቃል ይፈቀድልዎታል። ፎኖኑን «ሙቀት ተሸካሚ» ማለት ይቻላል፤ እኔም ከላይ ብዬዋለሁ። ስለ ንዝረቱ ሳይሆን እንደ ቅንጣት ስለሚቆጠረው ፎኖን ሲያወሩ ሸክሙ ቦታውን አግኝቷል። ለርእስዎ ግን «ሙቀት በናኖ ሽቦ ውስጥ እንዴት ይተላለፋል?» የሚለውን እመርጣለሁ። ከስም ክምር ግስ ያለው ርእስ ይነበባል።