«አይቀጥሩኝም» የሚል ወንድሜን እንዴት ላግዘው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው። በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ «እኔን አይቀጥሩኝም» ብሎ ሳያመለክት ያልፈዋል። ራሱ ግን «ይሄ አስተሳሰቤ ገደለኝ» ይላል። «ጎበዝ ነህ እኮ፣ ትችላለህ» ስለው ጭራሽ ይከራከረኛል። ምን ላድርግ?
ታላቅ እህት

መልስ፦ እህቴ፣ «ይሄ አስተሳሰቤ ገደለኝ» ያለውን ያዥልኝ። ወንድምሽ ሁለት ልብ ሆኗል። አንዱ መለወጥ ይፈልጋል፣ ሌላው ይፈራል። አንቺ «ትችላለህ» የሚለውን ወገን ስትይዢ ለእሱ የሚቀረው «አልችልም» ነው፤ በተከራከረሽ ቁጥር ደግሞ የገዛ አፉ የሚያወጣውን ይበልጥ እያመነው ይሄዳል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊሊያም ሚለር ይህን ያስተዋለው መጠጥ ያስቸገራቸውን ሰዎች ሲረዳ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ጻፈው፤ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አዳበረው። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ይባላል። ዋናው ነገር የመለወጡን ምክንያት አንቺ ሳትሆኚ እሱ እንዲናገረው ማድረግ ነው።

እስቲ ቡና ላይ ቁጭ ስትሉ «እንደዚህ ማሰብህ ከምን ያድንሃል?» በይው። «ካልሞከርኩ አላፍርም» ሊልሽ ይችላል። ተይው፣ አታርሚው። «ዳግመኛ ማፈር ከብዶሃል» ብለሽ የሰማሽውን መልሺለትና ዝም በይ። ዝምታው ይረዝማል፣ ይጨንቅሻል፤ ቢሆንም በምክር አትሙይው።

ቀጥሎ «ይህን አስተሳሰብ መተው ከ0 እስከ 10 ምን ያህል ያስፈልግሃል?» ብለሽ ጠይቂው። 4 ካለሽ «ለምን 4 ብቻ?» እንዳትይ! እንዲያ ካልሽው የማይለወጥበትን ምክንያት ይደረድርልሻል። «ለምን 1 አላልክም?» በይው። እኔ ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፤ ምክንያቱም መልሱ ውስጥ የሚፈልገው ነገር አለ። «እማዬ ደክማለች፣ ላግዛት እፈልጋለሁ» ካለ ወሬ አትቀይሪ፤ «ስለ እማዬ ንገረኝ» በይው።

የሚነግርሽ ነገር ካለም «አንድ ሐሳብ ልስጥህ?» ብለሽ አስቀድመሽ አስፈቅጂው። እምቢ ካለ ለሌላ ቀን ይቆይ። አንድ ምሽት አይበቃም፤ ስንት ዓመት አብሮት የኖረ ሐሳብ ነው።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው ወይም ሞትን ካነሳ ግን ይህን ሁሉ ትተሽ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስንት ቁጥር እንደሰጠሽና ለምን እንዳልቀነሰው ጻፊልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።