ወንድ ቡችላ ይምጣ ወይስ ይቅር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ፤

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ባለቤቴ «ሁለተኛ ውሻ ካላመጣሁ» ብሎ ሰላም ነስቶኛል። በቅርቡ ሌባ አጥር ዘሎ የውሃ ፓምፓችንን ወሰደ። ጃኪ ጮኻለች፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለምትጮኽ ማን ይነሳል? እሱ «ብቸኝነት ነው፤ ወንድ ሲጨመርላት ትጠነክራለች» ይላል። ምግቧን የማበስለው እኔ፣ ኩሷን የማነሳው እኔ፣ የጎረቤት ቁጣ የምሰማው እኔ! እሱ ማታ ገብቶ ራሷን ዳሰስ አድርጎ ይተኛል። ልጆቹ ስለሚፈሯት ከሰንሰለት አትፈታም። አምና ወልዳ ማሳደግ ስላልቻልን ቡችሎቹን ሐይቁ ዳር ጥሏቸው መጣ፤ እሱስ አለፈ። አሁን ከጓደኛው ወንድ ቡችላ ሊያመጣ ነው። ድካሜ ቢያስመርረኝም፣ ብቻዋን መሆኗ አንጀቴን ይበላዋል። እሺ ልበለው ወይስ እንቢ?

የደከማት፣ ከዓባይ ማዶ

እህቴ፣

«እሱስ አለፈ» ያልሽው አላለፈም። ሴት ውሻ በየ6 ወሩ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፤ 63 ቀን ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ወንዱ ቡችላ ደግሞ ከ6 ወሩ አንስቶ ሊያስረግዛት ይችላል። ያን ጊዜስ ልጆቿ የት ሊጣሉ ነው? ጡት ያልተዉ ቡችሎችን መጣል ግፍ ነው፤ ለባለቤትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው። ከሞት የተረፈውም ሳይከተብ መንገድ ላይ ያድጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም፣ ለሰውም ለከብትም።

ስለዚህ እንቢ በይ። መጀመሪያ ጃኪ ዳግም እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና ትምከን። ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ካለፈ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይታችሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ በዚያ ጊዜ ደም የመፍሰሱ ስጋት ይቀንሳል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አትቅመስ። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እስኪወጣ ድረስ አትታጠብ፣ አትዝለል፣ ቁስሉንም አትላስ። የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ ለቁስል ጠላት ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ቢሆን ይመረጣል።

ጩኸቱን ያመጣው ሰንሰለቱ ነው። የታሰረ ውሻ መቅረብም መሸሽም ስለማይችል ለጅቡም፣ ለመንገደኛውም፣ ለሌባውም እኩል ይጮኻል፤ እናንተም መስማት ትተዋላችሁ። ሌላ ውሻ አጠገቧ ብታስሩ ጩኸቱ ይበዛል እንጂ ጥበቃው አይጠነክርም። ልጆቹ ሲተኙ አጥሩ ጠንካራ መሆኑን አይታችሁ ፍቷት። ጠዋት ጠዋት ባለቤትሽ በገመድ ይዞ ግማሽ ሰዓት ያራምዳት፤ ጉማሬ ስላለ ከዓባይ ዳር ራቅ ይበል። ልጆቹም አብረውት ይውጡ፤ ስትበላና ስትተኛ ግን አይጠጓት።

ከመከነች በኋላ 2 ወር ሳያቋርጥ ካራመዳት ሁለተኛው ይምጣ። የመጀመሪያ ትውውቃቸው ከግቢ ውጭ፣ ሁለቱም በገመድ ተይዘው ይሁን። ሳህናቸው ተራርቆ ይቀመጥ፤ ጠቡ የሚነሳው ምግብ ላይ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋ፤ ጃኪን ግን እሱን ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት አስከትቧት።