ጋዝ ልግዛ ከሰል? የግሪል ጥያቄዎችና መልሶች

ሰመር ሊገባ ስለሆነ “የቱን ግሪል ልግዛ?” የሚለኝ ሰው በዝቷል። እዚህ ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ ሁለቱም አሉኝ፤ ለዓመታት ጠብሼባቸዋለሁ። የማውቀውን እመልሳለሁ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ በሳምንት ስንት ቀን ልትጠብስበት ነው? ከሥራ መልስ ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ ጋዝ ግዛ። ከድነህ 10 ደቂቃ ብታሞቀው ይበቃዋል፤ ስትጨርስ ዘግተህ ትገባለህ። ከሰል ፍም እስኪሆን ብቻ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ በኋላም አመዱ አለ። እኔ በሥራ ቀን ከሰል አልለኩስም። ቅዳሜ ሰው ከጠራሁ ደግሞ ጋዙን አልነካውም።

ጥያቄ፦ የጋዝ ጥብስ ጣዕም የለውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። በደንብ የነደደ ከሰል ራሱ ብዙ አይጨስም፤ ለእንጨት ጭስ ሽታ የሚሰጠው ነገር አብዛኛው እንጨቱ ሲከስል ወጥቶ አልቋል። ያ ጎረቤት የሚጠራው ሽታ የሚመጣው ከሥጋው ነው። የበግ ጎድን ፍም ላይ ስታደርግ ጎንበስ ብለህ እየው፦ ስቡ ይቀልጣል፣ ፍሙ ላይ ጠብ ይላል፣ ጭስ ሆኖ ይነሳና ተመልሶ ሥጋው ላይ ያርፋል። ጋዙም ላይ ስቡ ማቃጠያውን የሚሸፍነው ብረት ላይ ወድቆ ይጨሳል፣ ግን ያንሳል። በዚያ ላይ የፍም ግለት ኃይለኛ ነው፤ ሥጋው ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ቶሎ ቡናማ ይሆናል። ለዶሮ፣ ለቃሪያና ለበቆሎ እሸት ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ለጎድንና ለጮማ ግን ከሰልን የሚተካ አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ትንሽ የከሰል ግሪል ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የእሳት አደጋ ደንብ በአፓርታማ በረንዳ ላይ፣ ወይም ከሕንፃው 10 ጫማ ሳይርቁ፣ ከሰልም ጋዝም መለኮስ አይፈቀድም። የኤሌክትሪክ ግሪል የሚፈቅዱ አሉ፤ መጀመሪያ የኪራይ ውልሽን እይ። ለከሰሉ ብዙ ፓርኮች ውስጥ የተተከለ ግሪል አለ።

ዝናብ መጣ ተብሎ ፍም ወደ ቤትም ወደ ጋራዥም አይገባም። አገር ቤት “በከሰል ጭስ ታፍነው” ሲባል የምንሰማው ሞት የሚመጣው ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በር መክፈት አያድንም። ይህን ለሁሉም ንገሩልኝ።

ጥያቄ፦ ከሰል ስጠቀም ጥብሱ ላምባ ላምባ ይለኛል።

መልስ፦ መለኮሻ ፈሳሹን ተወው። ከታች ወንፊት ያለው፣ እጀታ ያለው የማቀጣጠያ ቆርቆሮ ግዛ፤ ርካሽ ነው። ከሥሩ ጋዜጣ ጨምድደህ፣ ከላይ ከሰል ሞልተህ ለኩሰው። ላይኛው ከሰል ጠርዙ ነጭ አመድ ሲለብስ ግሪሉ ውስጥ ገልብጠው። የተያያዘ ፍም ላይ ፈሳሽ መጨመር ደግሞ ፊት ያቃጥላል፤ በጭራሽ አታድርገው።

ጥያቄ፦ አዋዜ የቀባሁት ዶሮ ላዩ ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ጋዝ ብገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ ጥፋቱ የግሪሉ አይደለም። በርበሬ ቶሎ ያርራል፤ አዋዜው ማር ወይም ጠጅ ካለው ይብሳል። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስብ፣ ዶሮውን ፍም በሌለበት በኩል አድርገህ ክደነው። ጋዝ ከሆነ አንዱን ማቃጠያ አጥፋ፣ ዶሮውን በጠፋው በኩል አድርግ። መጀመሪያ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ይበቃዋል፤ አዋዜውን ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ቀባው። ዶሮ ውስጡ 165 ዲግሪ ፋራናይት ሳይደርስ አይወጣም። በዓይን አትገምት፣ ቴርሞሜትር ግዛ።

ጥያቄ፦ ጋዝ እፈራለሁ። ይፈነዳል ይሉኛል።

መልስ፦ ሲሊንደሩን በገጠምሽ ቁጥር መጋጠሚያውንና ቱቦውን የሳሙና ውኃ ቀቢው። አረፋ ከወጣ ያፈስሳል ማለት ነው፤ ዝጊው። የግሪሉን ክዳን ሳትከፍቺ አትለኩሺ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ከውስጥ ይጠራቀማል፤ አልለኮስ ካለሽ ጋዙን ዘግተሽ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ውጭ ይደር።

ጥያቄ፦ ወጪውስ?

መልስ፦ ሲገዛ ከሰሉ ይረክሳል፤ በየሳምንቱ ለሚጠብስ ግን የከሰሉ ከረጢት ይደማመራል። የተለመደው ሲሊንደር 20 ፓውንድ ይይዛል፤ ባዶውን ሰጥታችሁ የምትለውጡት ግን ብዙ ጊዜ 15 ብቻ ነው ያለው፣ ላዩ ላይ ተጽፏል። የሚሞላበት ቦታ ወስዳችሁ አስሞሉት።

ጥያቄ፦ አመዱን የት እንድፋው?

መልስ፦ ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ 48 ሰዓት ይቆይ። አንድ ጎረቤቴ ማታ የጠበሰበትን አመድ ጠዋት ፕላስቲክ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ደፋው፤ ከላይ ግራጫና ቀዝቃዛ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ የማጠራቀሚያው ጎን ቀልጦ አጥሩ ሥር ይጨስ ነበር።