አንድ ቁጥር ነክቼ ጨዋታው አልከፈት አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተሬ ለዓመታት ስጫወት ቆይቻለሁ። በቅርቡ ላንድስቶከር የምትባለው መኪና ፍጥነት አልበቃ ስላለኝ የመኪኖች ጠባይ የተጻፈበትን፣ በዳታ ፎልደር ውስጥ ያለውን ‹ሃንድሊንግ› የተባለ ፋይል ከፍቼ ቁጥሩን ከፍ አደረግኩ። ኖትፓድ ፋይሉን አላስቀምጥም ስላለኝ አንድ በጣም አሮጌ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርጄ በእሱ ሞከርኩ፤ እሱ ያለ ምንም ጥያቄ አስቀመጠልኝ። በዚያው ቀን ሌላ የመኪና ሞድም፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው የሚያካፍሉት የጨዋታ ማሻሻያ፣ ዋናው የሞዴሎች ማኅደር ውስጥ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው እስከ ሜኑ ድረስ በሰላም ይመጣል፤ አዲስ ጨዋታ ብዬ ስጀምር ግን የመጫኛው መስመር ሞልቶ ሳያልቅ አንዳች መልእክት ሳይሰጥ ይዘጋል። ባካፕ አልያዝኩም። ጨዋታውን አጥፍቼ ሁለት ጊዜ እንደገና ኢንስቶል ባደርገውም ያው ነው። ጓደኞቼ ግራፊክስ ካርዱ ተበላሽቷል ይላሉ። ካርዱን ልቀይር?

መልስ፦ ካርዱን አይቀይሩ። የግራፊክስ ካርድ ችግር ቢሆን ኖሮ በሌሎች ጨዋታዎችም ላይ ምልክቱ ይታይ ነበር፤ ደግሞም የሃርድዌር ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ በዚህ፣ ሌላ ጊዜ በዚያ ብቅ የሚል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። የእርስዎ ጨዋታ ሜኑውን በሰላም አሳይቶ የዳታ ፋይሎቹን ማንበብ ሲጀምር የሚወድቅ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከሚያነባቸው ፋይሎች በአንዱ ውስጥ እንዳለ መገመት ይቀላል።

በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ያለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ኖትፓድ እምቢ ያለውን አሮጌው ፕሮግራም እሺ ማለቱ። እንቆቅልሹ የሚፈታው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ፣ ማለትም ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ‹ፕሮግራም ፋይልስ› የተባለውን ፎልደር ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ እንዳይነካ ይጠብቀዋል። አዳዲስ ፕሮግራሞች ይህን ስለሚያውቁ ፈቃድ የለም ብለው በግልጽ ይናገራሉ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን ይህን ሕግ ስለማያውቁ፣ ዊንዶውስ እንዳይሰናከሉበት ሲል ጽሑፋቸውን በዝምታ ወደ ሌላ ቦታ ያዞርላቸዋል። ያ ቦታ በተጠቃሚው ፎልደር ሥር፣ በተደበቀው ‹አፕዳታ› ውስጥ፣ ‹ሎካል› ውስጥ ያለው ‹ቨርቹዋልስቶር› ነው። አሮጌው ፕሮግራም ዋናውን ፋይል የቀየረ መስሎት የጥላ ቅጂ እዚያ አስቀመጠ ማለት ነው። ሳን አንድሪያስም ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በተራው ያው አሮጌ ፕሮግራም ነው፤ ፋይሉን ሲፈልግ ዊንዶውስ አስቀድሞ የሚሰጠው ያንን የጥላ ቅጂ ነው።

ጨዋታውን ሁለት ጊዜ ኢንስቶል አድርገው ለውጥ ያላዩት ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያደሱት ዋናውን ፎልደር ነው፤ ጥላው ከነስህተቱ በቦታው ተቀምጧል። ማጥፊያው ፕሮግራም የሚያጠፋው መጀመሪያ ራሱ ያስገባቸውን ፋይሎች በመሆኑ፣ እርስዎ በኋላ የጨመሩትን ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው። በብዙ ሰው ዘንድ ‹እንደገና ኢንስቶል አድርጌዋለሁ› ማለት ‹ንጹሕ ነው› እንደ ማለት ይወሰዳል፤ እኔም አንድ ጊዜ በዚሁ እምነት ሙሉ ቅዳሜዬን አቃጥያለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። በፋይል ማሰሻው የእይታ ምርጫዎች ውስጥ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ ፈቅደው ወደ ቨርቹዋልስቶር ይግቡና የጨዋታውን ስም ይፈልጉ። ካገኙት አይሰርዙት፤ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ዴስክቶፕ ያንቀሳቅሱትና ጨዋታውን ይክፈቱ። ከተከፈተ ጥፋተኛው ዴስክቶፕዎ ላይ ተቀምጧል፤ ካልተከፈተ ደግሞ የጠፋ ነገር ስለሌለ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጨዋታውን አጥፍተው፣ የቀረውን ፎልደሩንም በእጅዎ አስወግደው፣ ከፕሮግራም ፋይልስ ውጭ በራስዎ በከፈቱት ፎልደር ውስጥ ኢንስቶል ያድርጉት። እዚያ ኖትፓድም አይከለክልዎትም፣ ጥላም አይፈጠርም። ገና ሳይነካ ሙሉ ፎልደሩን ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ስህተቱ እንምጣ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ቁጥሩን እንደገና ቢነኩ ተመልሰው እዚያው ይገኛሉና። የሃንድሊንግ ፋይል እያንዳንዱን መኪና በአንድ መስመር ያስቀምጣል፤ ቁጥሮቹ የሚነበቡት በስማቸው ሳይሆን በተራቸው ነው። የላንድስቶከር መስመር በክብደቷ፣ በ1700.0 ይጀምርና ወደ መሐል ሲደርስ 5፣ 160.0፣ 25.0፣ 20.0 የሚሉ ቁጥሮች በተከታታይ ይገኛሉ። 5 የማርሽ ብዛት ነው፣ 160.0 ከፍተኛው ፍጥነት ነው፣ 25.0 ደግሞ ፍጥነት የመጨመር አቅሟ ነው። 160.0ን ወደ 260.0 ሲቀይሩ ጣትዎ ስቶ ከፊት ያለውን 5 ቢያጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጨዋታው 260 ማርሽ ያላት መኪና ሊሠራ ይነሣል። ለማርሽ የተመደበለት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ከሜሞሪው ድንበር አልፎ ይጽፋል፤ በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ይዘጋዋል። መልእክት ያላዩትም ለዚህ ነው፤ ጨዋታው ራሱ ምን እንደደረሰበት ለመናገር ጊዜ አላገኘም።

ተመሳሳይ ጥፋት በሌላ መንገድም ይመጣል። የነጥብ ቦታ ኮማ ከገባ የመስመሩ ንባብ ሊዛባ ይችላል። በአንዳንድ የኮምፒውተር የቋንቋ ቅንብር አስርዮሽ የሚለየው በኮማ ስለሆነ፣ ቁጥሩን በሠንጠረዥ ፕሮግራም ከፍተው ካስቀመጡት ሳያውቁት ይህ ይሆናል። በመስመር መጀመሪያ ላይ የሚታዩት ምልክቶችም ጌጥ አይደሉም፤ የቃለ አጋኖ ምልክት የሞተር ሳይክል፣ የመቶኛ ምልክት የጀልባ፣ የዶላር ምልክት የአውሮፕላን ተጨማሪ መስመር መሆኑን ይናገራሉ። አንዱን ካጠፉ መስመሩ በሌላ ዓይነት ይነበባል። ቁጥር ሲቀይሩ አሮጌው ላይ ብቻ ይጻፉ፤ ሲጨርሱ ከጎረቤት መኪና መስመር ጋር አስተያይተው ስንት ቁጥር እንዳለ ይቁጠሩ።

ስለ ሁለተኛው ለውጥ፣ ስለ መኪናው ሞድ፣ ከመጫኛው መስመር ጋር በቀጥታ አላያይዘውም። በማኅደሩ ውስጥ ያለ የመኪና ሞዴል የሚነበበው ብዙውን ጊዜ መኪናዋ መንገድ ላይ ልትታይ ስትል ነው፤ ስለዚህ እሱ ቢበላሽ ጨዋታው ተከፍቶ፣ መንቀሳቀስ ጀምረው፣ ያቺ መኪና በምትመጣበት ሰፈር ሲደርሱ ይወድቃል። ማኅደሩ እያንዳንዱን ፋይል በ2048 ባይት ክፍል እየለካ የሚያስቀምጥና የፋይሉን ስም ከነማራዘሚያው በ24 ባይት ቦታ የሚይዝ ነው። የሚያስገቡት ፋይል ስሙ ከሚተካው ፋይል ስም ጋር በፊደል ልክ አንድ መሆን አለበት፤ ካስገቡ በኋላም ማኅደሩን እንደገና የመገንባት ትእዛዝ ካለ መስጠት ይገባል። ይህን ክፍል በሌላ ቀን ይሞክሩት። ሁለት ለውጥ በአንድ ቀን ማድረግዎ ነው እኔን በርቀት እንድገምት ያደረገኝ።

የመውደቂያው ጊዜ ራሱ ምስክር መሆኑን ለሌሎች አንባቢዎችም ልናገር። ሜኑ ሳይታይ የሚዘጋ ጨዋታ ቢገጥማችሁ ቅንብሩን የያዘውን ፋይል ተጠርጣሪ አድርጉ፤ በሳን አንድሪያስ ይህ ፋይል የሚገኘው በጨዋታው ፎልደር ሳይሆን በ‹ዶክመንትስ› ውስጥ በተጠቃሚው ፋይሎች መካከል ነው፤ ቢሰረዝ ጨዋታው ራሱ አዲስ ይሠራል። ግማሽ ሰዓት በደኅና ተጫውተው የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ሜሞሪን ጠርጥሩ። ባለ 32 ቢት ጨዋታ በተለመደው ሁኔታ ከ2 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም፤ ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም ለውጥ የለውም። በጎንና በቁመት 512 ነጥብ ያለው፣ ያልታመቀ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት የሚወስድ ምስል 1 ሜጋባይት ይይዛል፤ 4096 በ4096 የሆነው ግን 64 ሜጋባይት ይፈጃል። ‹እጅግ ጥራት ያለው› የሚባል የመንገድና የግድግዳ ምስል በብዛት ሲጫን ጨዋታው ለምን እንደሚታፈን ከዚህ ስሌት መረዳት ይቻላል።

በመጨረሻ ለእርስዎ የማስታውሰው ነገር ቢኖር፣ የዊንዶውስ የክስተቶች መመልከቻ ውስጥ ‹አፕሊኬሽን› በሚለው መዝገብ የመውደቁ ሰዓት፣ የስህተቱ ኮድና የወደቀው ሞጁል፣ ማለትም የፕሮግራሙ ክፍል የሆነው ፋይል፣ ስም ተጽፎ ይገኛል። ሞጁሉ የጨዋታው ዋና ፋይል ከሆነ ብዙ አይነግርዎትም፤ እርስዎ የጨመሩት ፋይል ስም ካለበት ግን ሌላ መፈለግ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ማይንክራፍት ላይ ወደ 40 የሚጠጉ ሞዶች አሉኝ። ጨዋታውን ወደ አዲስ እትም ካሳደግኩ በኋላ አልከፈት አለ። ሁሉንም አጥፍቼ አንድ በአንድ መልሼ ላስገባ?

መልስ፦ አንድ በአንድ ከሄዱ እስከ 40 ጊዜ መክፈት ሊኖርብዎት ነው። ከዚያ በፊት በጨዋታው ፎልደር ውስጥ ‹ክራሽ ሪፖርትስ› የሚባለውን ይክፈቱ፤ ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ‹ሎግስ› ውስጥ ያለውን የመጨረሻውን መዝገብ ይመልከቱ። ረጅም ስለሆነ አይደንግጡ፤ የውድቀቱ ማብራሪያና ‹ምክንያቱ› የሚሉት መስመሮች ይበቃሉ፤ የአንዱ ሞድ ስም ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገብ አለ።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ አስቀድመው ይፈትሹ። ፎርጅና ፋብሪክ ሞዶችን ወደ ጨዋታው የሚጭኑ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ለፎርጅ የተሠራ ሞድ በፋብሪክ ላይ አይሠራም፤ ለአንድ እትም የተሠራም ለሌላው ይሆናል ማለት አይደለም። ሌላው ጨዋታው ለመሥራት የሚያስፈልገው ጃቫ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ከ1.18 እስከ 1.20.4 ያሉት እትሞች ጃቫ 17 የሚፈልጉ ሲሆን ከ1.20.5 እስከ 1.21.11 ያሉት ጃቫ 21 ይጠይቃሉ። የጨዋታው የራሱ ማስጀመሪያ ትክክለኛውን ጃቫ ይዞ ይመጣል፤ በሌላ ማስጀመሪያ የሚጠቀሙ ወይም ጃቫውን በእጃቸው የመረጡ ግን አሮጌው እንደተመረጠ ይቀርባቸዋል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልተገኘ ሞዶቹን ለሁለት ይክፈሏቸው። 20ውን አውጥተው ይሞክሩ፤ ከተከፈተ ጥፋቱ ካወጧቸው ውስጥ ነው፣ ካልተከፈተ ከቀሩት ውስጥ ነው። ጥፋተኛውን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ይክፈሉት። ከ40 ሞድ ውስጥ አንዱን ቢበዛ በ6 ሙከራ ያገኙታል። አንዳንድ ሞድ ሌላውን ተደግፎ የሚቆም ስለሆነ፣ ደጋፊውን አውጥተው ተደጋፊውን ቢተዉት ሌላ ስህተት ይታይና ሙከራውን ያበላሽብዎታል፤ ጥንዶቹን አብረው ያንቀሳቅሷቸው። ዓለምዎን የያዘውን የሴቭ ፎልደር ደግሞ ከሙከራው በፊት ኮፒ ያድርጉት፤ አዳዲስ ብሎኮችን የጨመረ ሞድ በሌለበት ያ ዓለም ተከፍቶ ከተቀመጠ፣ ብሎኮቹ ሊጠፉ ስለሚችሉ ሞዱን በኋላ ቢመልሱትም አይመለሱም።

ጥያቄ፦ በሳን አንድሪያስ ላይ አዲስ ተልእኮዎችን የሚጨምር ሞድ አስገብቼ ነበር። ጨዋታው ይከፈታል፤ አሮጌውን ሴቭ ስጭን ብቻ ይዘጋል። ሴቩ ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሴቭ የተልእኮዎቹ ዋና ስክሪፕት፣ ማለትም ተልእኮዎቹን የሚመራው የትእዛዝ ጽሑፍ፣ የት ድረስ እንደተጓዘ ይመዘግባል፤ ያ ስክሪፕት በሌላ ከተተካ መዝገቡ የሚያመለክተው የሌለ ቦታ ይሆናል። የመጀመሪያውን ስክሪፕት ወደ ቦታው ከመለሱት አሮጌው ሴቭ ይከፈታል፤ በሞዱ መጫወት ከፈለጉ ግን ከመጀመሪያ መጀመር ግድ ነው። ሁለቱንም የሚወዱ ከሆነ የጨዋታውን ፎልደር ሁለት ቅጂ ያድርጉት። የሴቭ ፋይሎቹ ግን በዶክመንትስ ውስጥ አንድ ላይ ስለሚቀመጡ፣ የትኛው ቁጥር የየትኛው ቅጂ እንደሆነ በወረቀት ላይ ይጻፉ።